የሐጃ ፈጡማ ጣቶች

ረጀብ 17

ዛሬ የሚጻፍ ነገር የለም። ሰርዲን ገዛሁ። ዓሣ ሻጩ፣ "ላላ ኸይራ! ለምራትሽም ጨምሪላት እንጂ፣ በረሃብ ልትገያት ነው?" ብሎ ጮኸ። ወረፋው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ? ዘጠኝ ረመዳን በቴሌቪዥን ያቺን ክፉ አማት፣ ላላ ኸይራን፣ ሆኜ በየሰው ቤት ከሾርባው ጋር ስቀርብ ኖሬ፣ በሰፈሬ በባብ ኤል ዌድ ዙሊኻ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ጠፋ። ፖስተኛው እንኳ...

ምራት የለኝም። ወንድ ልጅም የለኝም። ያለችኝ ወሲላ ናት።

እሷን ደግሞ ዓርብ ለጋብቻ ሊጠይቁ ይመጣሉ። ከብሊዳ። የልጁ እናት፣ እህቱና ልጁ ራሱ። ዙበይር ይባላል። ወሲላ የምትሠራበት መድኃኒት ቤት ዕቃ እያመላለሰ ነው የተዋወቁት። ሰላምተኛ ልጅ። "ኻልቲ ዙሊኻ" ይለኛል፣ የእናቱ እህት የሆንኩ ይመስል። አንድ ቀን እንኳ ላላ ኸይራ ብሎኝ አያውቅም። ለዚህ ብቻ ልጄን ብሰጠው አይቆጨኝም።

ግን እናቱስ? እናቱ ማን ብላ ትጠራኝ ይሆን?

ረጀብ 18

መጋረጃዎቹን አወረድኩ። አጠብኩ። መልሼ ሰቀልኩ። ባሕሩ አፍንጫችን ሥር ነው፤ በዚህ ወቅት እዚህ ቤት የሚደርቅ ነገር የለም።

"እማ፣ የሚመጡት እኔን ሊጠይቁ ነው ወይስ መጋረጃውን?" አለችኝ ወሲላ።

አልሳቅኩም። የመጀመሪያውን አልረሳሁትማ። ቀለበት ከታሰረ በኋላ የዚያኛው ልጅ አባት ደወለ። "ልጅቷ እንከን አይወጣላትም። ግን እኛ ቤት የአርቲስት ልጅ ገብቶ አያውቅም።" ይኸው ነው ያለው። ወሲላ አላለቀሰችም። ወጥ ስታማስል አመሸች። ብታለቅስ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን ሠላሳ ሦስት ሞላት። ይሄኛውም በእኔ ሰበብ ከፈረሰ...

አልጽፈውም።

ረጀብ 20

መጡ። ሄዱ።

እናትየው ሐጃ ፈጡማ ረጅም ናት። ቀጥ ያለች። ስትገባ ጉንጬን ሳመችኝና፣ "በረመዳን እናይዎታለን" አለችኝ። በቃ። ሥራዎን ወደድኩት የለ፣ ጠላሁት የለ። እናይዎታለን። ምን ማለት ነው?

እህቱ ሰሊሓ ሳቂታ ናት። "እኔ ላላ ኸይራን ካላየሁ ጾሙ የተፈታ አይመስለኝም" አለች። እናቷ በዓይኗ ዝም አሰኘቻት።

ከዚያ... ወሲላ ሻይ ይዛ እስክትገባ እየጠበቅን ነው። ሐጃ ፈጡማ ከመስኮቱ ጎን ናት። እጇ ተነሳ። ማንም ሳያዘው፣ ለብቻው። የመጋረጃውን ጫፍ በሁለት ጣቷ ያዘች። ፈተግ ፈተግ አደረገችው። ለቀቀችው። ጣቶቿን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች... አሸተተች። አንዱ ቅንድቧ ወደ ላይ ሄደ። ከዚያ ወደ ጣሪያው፣ በረጅሙ፦

"ማ...ሻ...አላህ።"

በሰላም አይደለም ያለችው። ሰው የሞተ አይጥ ሲያገኝ በሚለው ዓይነት ነው።

ፈራሁ። ደግሞም... ማን ያነበዋል፣ ልጻፈው... ደስ አለኝ። ከውስጤ ሌላ ሴት ብድግ ብላ "ያዣት! እንዳታመልጥሽ!" አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ይህንኑ ነው። የሰው እጅ፣ የሰው አረማመድ፣ የሰው አሳሳል መልቀም።

በሩን እንደዘጋሁ ሮጬ መጋረጃውን አሸተትኩ። እርጥበት እርጥበት ይላል። እውነቷን ነው።

ረጀብ 23

ዙበይር ደወለ። "ኻልቲ፣ እናቴ ልጅቷን ወዳታለች።"

"ቤቱንስ?" አልኩ። አፌ አያርፍም።

ሳቀ። "እናቴ ያልፈተሸችው ነገር የለም፣ ኻልቲ። እኔንም ስወለድ ፈትሻኛለች።"

ከተስማማችሁ በሃያ ሰባተኛዋ የረመዳን ሌሊት የሙሽሪትን ስጦታ፣ መሂባውን፣ ይዘን እንመጣለን አለ። ሠርጉ በበጋ። ተስማማን አልኩ፤ እፎይታዬ እንዳይሰማ ስልኩን ከአፌ አራቅኩት።

መሂባው ሲመጣ፣ ጨርቁና ወርቁ ሲከፈት፣ የልጁ እናት በገዛ እጇ የሙሽሪትን መዳፍ ሂና ስትቀባ፣ ያኔ ነገሩ ጸና ይባላል። ካልመጣ ግን ማንም ምንም አይልም። ዝም ይባላል። ደረጃው ላይ የሚያገኙሽ ጎረቤቶች በጣም ደግ ይሆኑብሻል። ያንን ደግነት አውቀዋለሁ።

ሻዕባን 9

ላኽዳር ደወለ። ያው ዳይሬክተራችን። ላላ ኸይራ ለአሥረኛ ረመዳን ትመለሳለች። ጽሑፉ የደረሰው እስከ ስምንተኛው ክፍል ነው፤ የቀረው "እየተጻፈ ነው"። እንደ ሁልጊዜው ረመዳኑ ይገባል፣ እኛ ገና እንቀርጻለን፣ በጾም አፍ እየተጨቃጨቅን። የእኛ አገር አርቲስት ዓመቱ አንድ ወር ነው። በዚያ ወር ሰው ካፈጠረ በኋላ ካላየህ፣ የለህም ማለት ነው።

ዛሬ አሮጌ ፎቶዎች ሳይ ነበር። ስንት ሴት ሆኛለሁ? በሃያ ዓመቴ ከኦራን ስመጣ የሚሠራው የነጻነት ጦርነት ፊልም ብቻ ነበር። ሦስት ጊዜ በፈረንሳይ ጥይት ሞትኩ። አንዴ ውሃ ተሸክሜ፣ አንዴ ዳቦ ተሸክሜ፣ አንዴ ምንም ሳልሸከም። አርቲስት ስሆን ያኮረፈኝ አባቴ ተደብቆ ሲኒማ ቤት ገብቶ አየኝና ለዘመዶች፣ "ምን ታደርጉታላችሁ፣ በክብር ሞታለች" አላቸው። ታረቅን።

ከዚያ ያ ጥቁር ዘመን መጣ። አርቲስት በገዛ በሩ ላይ በታጣቂዎች የሚገደልበት። ባሌ ረሺድ፣ አላህ ይማረውና፣ አንድ ጠዋት በቢላ ስሜን ከደወሉ ላይ ፋቀው። ጓደኞቻችን ወደ ማርሴይ ሄዱ። እኛ ቀረን። ለካርቱን ጥንቸል ድምፅ እየሰጠሁ ወሲላን አሳደግኩ። ካሜራ ፊት ስመለስ ወጣትነቴ አልፎ ነበር። "አማት ትሆኛለሽ?" አሉኝ። ሆንኩ።

በጥይት ስሞት ማንም አላስታወሰኝ። ክፉ አማት ስሆን አገሩ በሙሉ አወቀኝ። ለዚህ ልናደድ ወይስ ላመስግን? አሁንም አላወቅኩም።

ረመዳን 1

ሾርባ፣ ቡረክ፣ ቴምር። ከወሲላ ጋር ቁጭ ብዬ ራሴን አየሁ። ደህና ነኝ። ደህና ብቻ። ያው ዓይን ማጉረጥረጥ፣ ያው ከንፈር መምጠጥ። ላላ ኸይራን እየተጫወትኩ ያለሁት ከትዝታ ነው... ማንም አላወቀብኝም። እኔ አወቅኩ።

"እሷም እያየችኝ ይሆን?" አልኩ።

"ማ? ሐጃ?" አለች ወሲላ። "የሚያዩሽ ልጆቿ ናቸው፤ ዙበይር እናቴ ቴሌቪዥን አትወድም ብሎኛል። አፍጥራ በቀጥታ ለተራዊሕ ሶላት ትወጣለች። ብዪ አሁን፣ ሾርባሽ ቀዘቀዘ።"

አልሐምዱሊላህ።

ረመዳን 11

ደህና እየሄደ ነው። በጣም ደህና ሲሆን እፈራለሁ።

ረመዳን 19

ምን አደረግኩ? ያ ረቢ፣ ምን አደረግኩ?

ከጠዋት ጀምሮ ሸራጋ በተከራየነው ቪላ ውስጥ ነን። የመብራቱ ሙቀት፣ ጥማቱ፣ ራሴ ይዞራል። ላኽዳር ሲጋራ ካላጨሰ አውሬ ነው። ሃያ ስድስተኛው ክፍል። ላላ ኸይራ ለትንሹ ልጇ ሚስት ልትጠይቅ ሰው ቤት ትሄዳለች። ጽሑፉ ላይ ያለው "ቤቱን በንቀት ታያለች" ብቻ ነው። አየሁ።

"አይደለም" አለ።

ደግሜ በንቀት አየሁ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ቆንጆ አድርጌ።

"ዙሊኻ፣ ይሄንን ፊት ዘጠኝ ዓመት ሸጠሽልኛል። ሌላ የለሽም?"

ሌላ የለሽም! በሠራተኛው ሁሉ ፊት። ካሜራው እንደገና ሲነሳ አላሰብኩም። እምላለሁ አላሰብኩም። እጄ ተነሳ። የመጋረጃው ጫፍ። ፈተግ ፈተግ። አፍንጫ። ቅንድብ። "ማ...ሻ...አላህ።"

መጀመሪያ የመብራት ሠራተኛው ሳቁን አፈነ፣ ከዚያ አልቻለም። ከዚያ ሁሉም። ላኽዳር ወንበሩን ገልብጦ ተነስቶ ግንባሬን ሳመኝ። "ከየት አመጣሽው?"

"ከራሴ" አልኩ።

በጾም አፌ።

የገባኝ መኪና ውስጥ ነው። ሃያ ስድስተኛው ክፍል የሚታየው በሃያ ስድስተኛው ቀን ማፍጠሪያ ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሌሊቱ ከቀኑ ይቀድማልና ያቺ ማታ ሃያ ሰባተኛዋ ሌሊት ናት። ሐጃ ፈጡማ መሂባውን ይዛ እኔ ሳሎን የምትቀመጥባት ማታ።

ረመዳን 20

ተረጋጊ፣ ዙሊኻ። እንግዳ ሲመጣ ቴሌቪዥን ይዘጋል። ማን ይከፍተዋል? አንከፍተውም። አለቀ።

ረመዳን 21

ሰሊሓ ደወለች። ከደስታዋ የተነሳ ስልኩ ውስጥ የምትዘል ይመስላል።

"ኻልቲ ዙሊኻ! አስቤበታለሁ። መንገድ ላይ በቴምር አፍጥረን ወዲያው እንደርሳለን። ከእርስዎ ጋር፣ እርስዎ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብለን ላላ ኸይራን እናያለን! እናቴንም አሳምኛታለሁ። ለአንድ ማታ ይሁን ብላለች። ለጎረቤቶቹ ሁሉ ነግሬያለሁ!"

"ቴሌቪዥናችን እኮ ትንሽ..." አልኩ።

"ተበላሸ? ዙበይር የኛን ጭኖ ይመጣል!"

አልተበላሸም አልኩ። ምን ልበል?

ወሲላ ከሥራ ስትመጣ ነገርኳት፤ እንግዶቹ የሄዱ ዕለት የሐጃን ሁኔታ አድርጌ አሳይቻት ነበር። ጫማዋን ሳታወልቅ፣ በሩ ላይ።

"አደረግሽው?" አለችኝ።

"አደረግኩት።"

"ጣቱን? ማሽተቱን?"

"አዎ።"

"ቅንድቡንም?"

"...ቅንድቡንም።"

"ማሻአላሁንም፣ እማ?"

ቦርሳዋን አስቀመጠች። "አንድ ቀን እንኳ እናት ብቻ ብትሆኚ ምን ነበረበት?" ብላ ክፍሏ ገባች። ሾርባውን ለብቻዬ በላሁት። ላላ ኸይራ ስክሪኑ ላይ ትጮሃለች። ዘጋኋት።

ረመዳን 23

ካሂና ዘንድ ሄድኩ። ክፍሎቹን የምትቆርጠውና የምትቀጥለው እሷ ናት፤ ረመዳን ሲገባ ፀሐይ አታይም። ሁሉንም ነገርኳት። ሳቀች፣ ከዚያ ፊቴን አይታ ተወችው።

"ቀላል ነው እኮ፣ ላላ ዙሊኻ። እጅዎ ጭንዎ ላይ ያለበት ቀረጻ አለኝ። ይደውሉልኝና እቀይረዋለሁ። ላኽዳር ቢጮህ በእኔ ይጩህ።"

አልሐምዱሊላህ አልኩ። ተነሳሁ። ከዚያ... ለምን ቁጭ አልኩ? "እስቲ ሁለቱንም አሳዪኝ" አልኳት።

አሳየችኝ። እጅ ጭን ላይ ያለበት፣ ያው ዘጠኝ ዓመት የሸጥኩት ፊት። የሞተ ነው። ከዚያ ሌላኛው። ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት እኔ አይደለሁም። ላላ ኸይራም አይደለችም። የምትተነፍስ ሰው ናት። ጣቶቿን ስታሸት ያቺ ሴት ምን ያህል ቤት ገብታ፣ ምን ያህል ሰው አስለቅሳ፣ ምን ያህል ፈርታ እንደኖረች ይታያል። በሕይወቴ እንዲህ ሠርቼ አላውቅም። ሦስት ጊዜ ሞቼ እንኳ እንዲህ አልሠራሁም።

"ላስብና እደውልልሻለሁ" አልኳት።

ምኑን ነው የማስበው? አንድ በኩል ልጄ፣ አንድ በኩል ሁለት ጣት። ይህ የሚታሰብ ነገር ነው?

ረመዳን 24

ስልኩን አነሳሁ። አስቀመጥኩ። ነገ ጠዋት እደውላለሁ። ጊዜ አለ።

ረመዳን 25

አልደወልኩም። ስልኬን አጥፍቼ ገበያ ወጣሁ።

ረመዳን 26

ልናፈጥር ትንሽ ቀርቶታል። ካሂና ክፍሉን አስረክባለች፤ አሁን ብደውልም ዋጋ የለው። ጥሩ... ቢያንስ መምረጥ አበቃ። እውነቱን ለመናገር የመረጥኩት ትናንት ነው፣ ባለመደወሌ። ፈሪ ሰው እንዲህ ነው የሚመርጠው።

ወሲላ አረንጓዴውን ቀሚስ ለብሳለች። ረሺድ ቢያያት... አታናግረኝም፣ ግን ቀሚሷን ከኋላ እንድቆልፍላት ጀርባዋን ሰጠችኝ። ቆለፍኩላት።

የመብራት ቆጣሪውን ላጥፋው? ሕንፃው በሙሉ ይጨልማል። ሰው ሁሉ ሾርባው ላይ እያለ። ይገድሉኛል።

አዛን እያለ ነው።

ረመዳን 27

ሳልረሳው ልጻፈው።

እንዳፈጠርን መጡ። ዙበይር ሻንጣውን ተሸክሞ፣ ሰሊሓ ሂናውንና ሻማውን ይዛ፣ ሐጃ ፈጡማ ባዶ እጇን፣ ከሁሉ ፊት። ያው ቦታዋ ላይ ተቀመጠች፣ ከመስኮቱ ጎን። መጋረጃውን እጇ እንዳይደርስበት ወደ ሌላው ጥግ ሰብስቤ አስሬዋለሁ። የታሰረውን መጋረጃ አየችው። እኔን አየችኝ።

"ጀመረ! ጀመረ! ድምፁን ጨምሩት!" ሰሊሓ ናት።

መጀመሪያ ደህና ነበር። ላላ ኸይራ የጎረቤቷን ዶሮ ደብቃ ስትክድ ሐጃ ፈጡማ ፈገግ አለች። አየኋት፣ ፈገግ ብላለች! ለአንድ አፍታ ቢሆንም፣ ምናልባት አልኩ... ከዚያ ላላ ኸይራ ልብሷን ለውጣ ከሰው ቤት ገባች። ተቀመጠች። ወሲላ የሻይ ሰሃኑን እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች። እኔ ስክሪኑን አላየሁም። የሐጃን ፊት ነው ያየሁት። ድምፁን ግን ሰማሁ።

"ማ...ሻ...አላህ።"

ቀድማ የሳቀችው ሰሊሓ ናት፣ ከት ብላ። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች፣ ሳቁ አፏ ውስጥ ቀረ። ዙበይር ጣሪያውን ያያል። ማስታወቂያ ገባ። የቲማቲም ድልህ። ልጆች ጣሳውን ከበው ይዘፍናሉ... እንዲህ የረዘመ ዘፈን ሰምቼ አላውቅም።

"ይሄን ከየት አመጡት?" አለችኝ ሐጃ።

ለላኽዳር ያልኩትን ልላት ነበር። ከራሴ። አልወጣልኝም።

"ከእርስዎ ነው፣ ሐጃ። የመጀመሪያ ቀን ስትመጡ። ይቅር ይበሉኝ። ልጅቷ የለችበትም፤ በእሷ አይያዙብኝ።"

"ከእኔ?"

እጇን አነሳች። ሁለቱን ጣቶቿን አየቻቸው፣ የሰው ዕቃ እጇ ላይ እንደተገኘባት።

"ከእኔ አይደለም" አለች። "ይሄ የአማቴ ነው።"



"እኔን ሊጠይቁ ሲመጡ የእናቴን መጋረጃ እንዲህ አደረገችው። ልክ እንዲህ፣ ቅንድቡም ጭምር። እናቴ ምስኪን ሳምንቱን ሙሉ ስታጥብ የከረመችውን መጋረጃ። ማድ ቤት ገብታ አለቀሰች። እኔ በሩ ኋላ ቆሜ ሰማኋት። ሞቼ እገኛለሁ እንጂ እንዲህ ያለች ሴት አልሆንም አልኩ።" ወደ ዙበይር ዞረች። "አያትህን ሙት ወቃሽ አያድርገኝ። ግን እስክትሞት ድረስ ያጠብኩትን ሁሉ ስታሸት ኖረች። ትራሱን። የአንተን ጨርቅ።"

ጣቶቿን ቀሚሷ ላይ ጠረገቻቸው።

"መቼ ነው እኔ ላይ የገባችብኝ?"

ማንን እንደጠየቀች አላውቅም። ሰሊሓ ነች ቀስ ብላ የመለሰችላት። "እማ... እኛ እኮ ሁልጊዜም እንዲህ ነው የምናውቅሽ።"

ሐጃ ፈጡማ ተነሳች። አለቀ አልኩ። ሻንጣው በሩ አጠገብ እንዳለ፣ ሳይከፈት። ደረጃው ላይ የሚጠብቀኝ የጎረቤቶች ደግነት ታየኝ።

"ዙበይር" አለች።

"አቤት እማ።"

"ምን ትገተራለህ? ሂናውን አምጣው እንጂ፣ ሊደርቅ ነው። ልጅቷም ያንን ሰሃን ታስቀምጥ።"

ወሲላ ሰሃኑን አስቀመጠች። መዳፏን ዘረጋች። ሐጃ ስትቀባት ሂናው ወደ አንድ በኩል ሄደ። እንደ ወጉ የወርቅ ሳንቲም መሃሉ ላይ ጫነችና የወሲላን እጅ በጨርቅ ጠቀለለችው። ከዚያ የተጠቀለለውን እጅ ቶሎ አልለቀቀችውም። ያዘችው። እኔ ማልቀሴን ያወቅኩት ሰሊሓ መሐረብ ስትሰጠኝ ነው።

ሲሄዱ ሐጃ መጋረጃው ጋ ቆመች። ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ከሩቅ።

"መጋረጃችሁ ጥሩ ነው" አለችና ወጣች።

ረመዳን 28

ካሂና ሌላ ቀረጻ እንደነበራት፣ ማስቀየር ስችል እንዳልደወልኩ ካፈጠርን በኋላ ለወሲላ ነገርኳት። ዛሬ ካልነገርኳት ዕድሜ ልኬን ያንቀኛል ብዬ።

የእጇን ሂና እያየች፣ "አውቃለሁ" አለችኝ።

"ምኑን ነው የምታውቂው?"

"አንቺ ስልክሽን አጥፍተሽ ገበያ ስትወጪ ካሂና በቤቱ ስልክ ደወለች። እናትሽ የቱ ይሁን እንደምትል አልነገረችኝም፣ ምን ላድርግ አለችኝ። ሁለቱንም በስልኬ ላኪልኝ አልኳት። አየኋቸው።"

"እና?"

"እጅሽ ጭንሽ ላይ ያለበት ሞቷል፣ እማ።" ትከሻዋን ነቀነቀች። "ደግሞ ሐጃ ይቺን ካልቻለች እኔ እሷን ዕድሜ ልኬን እንዴት እችላታለሁ? አሁን ይታይ አልኩ። ካሂናን እንዳለ ተይው አልኳት።"

ከዚያም ወዲያ እያኮረፈችኝ! አውቃ እያኮረፈችኝ!

"አንድ ቀን እንኳ እናት ብቻ ብትሆኚ ያልሽኝስ?"

"እሱንም ከልቤ ነው ያልኩት" አለች። ቀጥሎ ጣፋጩን፣ ቀልብ ሉዙን፣ ቆርሳ ትልቁን ለእኔ ሰጠችኝ።

ሸዋል 1

ኢድ። ዓሣ ሻጩ ከሩቅ አይቶኝ የልጁን አዲስ ሸሚዝ ፈተግ ፈተግ አድርጎ አሸተተ። "ማ...ሻ...አላህ!" ሰፈሩ በሙሉ እንዲሁ እያደረገ ነው። ላኽዳርም ደወለ። በሚቀጥለው ረመዳን በየክፍሉ ይሁን ይላል። "የጣቶቹን ባለቤት ላስፈቅድ" አልኩት። አልገባውም።

ሸዋል 14

ሐጃ ፈጡማ ራሷ ደወለች። "የሠርጉን ከፋይ ልንገዛ ነው። ነይ፣ አንቺም እይው።" ነይ አለችኝ። እይው አለችኝ። እናይዎታለን ቀረ።

ወሲላ ሥራ ላይ ናት። ሁለታችን ብቻ ሄድን። ሻጩ ወይን ጠጁን ከፋይ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። የሐጃ እጅ ተነሳ። ጨርቁ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። ተመልሶ ኪሷ ገባ።

ልቤ ስብር አለ። ወሰድኩባት። የአማቷም ይሁን የማንም፣ ይህን ሁሉ ዘመን አብሯት የኖረ እጅ ነበር። አሁን ብታደርገው ላላ ኸይራን ቀዳች ይሏታል፤ የገዛ እጇን። ይህንን ይቅርታ በምን ቃል ይጠይቁታል? አላወቅኩም።

ሻጩ ግን አወቀኝ። "ላላ ኸይራ! በአላህ፣ አንዴ! አንዴ ብቻ አድርጊልን!"

አንገቴን ደፋሁ። ሐጃ በክርኗ ጎሰመችኝ።

"ምን ይገትርሻል? አድርጊዋ!"

ከፋዩን ያዝኩት። ፈተግ ፈተግ። ጣቶቼን ወደ አፍንጫዬ። ቅንድቤን። ሻጩ ከት ከት ብሎ እየሳቀ የጎን ሱቁን ሰው ለመጥራት ሮጠ።

ሐጃ አልሳቀችም። እሱ እንደወጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"እሺ? ምን ይላል?"

ደግሜ አሸተትኩ። አሁን የምሬን።

"እርጥበት እርጥበት ይላል።"

"በልቤ ብዬ ነበር!" አለች። "ነይ፣ ቀጥሎ ያለውን ሱቅ እንይ።"